በጠርዝ የተገኘ ሹመት

ባለፈው ሰሞን የልጄን የምረቃ ፎቶ ፍሬም ላስገባ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ጎራ አልሁ። ከእኔ ቀድማ የገባች አንዲት ወጣት ከፍሬም ሠሪው ጋር ክርክር ይዛለች። መሐላቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ዕድሜ ያጠየመው ወፍራም ወረቀት ተዘርግቷል።

«ዙሪያውን ሁለት ሁለት ጣት ልቁረጥልሽና ይገጥማል» ይላል ሰውየው። «ጽሑፉ አይነካ፣ ማኅተሙ አይነካ። ምን ቸገረሽ?»

«ከፈለግህ ጽሑፉን ቁረጠው። ጠርዙን ግን እንዳትነካ።»

«አይ የዛሬ ልጅ! ጽሑፍ የሌለው ሰርተፍኬት ምኑ ሰርተፍኬት ነው?»

«ጽሑፉን ማን አንብቦት ያውቃል? አያቴ ሲኮራ የኖረው በጠርዙ ነው።»

መነጽሬን አደረግሁ። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬት ነው። ጽሑፉ በስቴንስል የተባዛ፣ እዚህም እዚያም የደበዘዘ፤ ጠርዙ ግን በእጅ፣ በጥቁር ቀለም የተሳለ ሐረግ፣ ትናንት የደረቀ ይመስላል። ሁለት መስመሮች እየተጠላለፉ ወረቀቱን ይዞራሉ። አራቱ ማዕዘኖች ላይ ሲደርሱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሦስተኛ መስመር ይገባባቸውና ተመልሶ ይጠፋል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በዚያች ሱቅ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርሁ።

የትዝታ ጽሑፍ አልወድም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ብዕር ሲያነሳ ዓሣው ያኔ ትልቅ ነበር፣ ሰው ያኔ ይተዛዘን ነበር፣ ዘፈኑ ያኔ ዘፈን ነበር ይላል። ዓሣው ትልቅ እንደነበር እኔም እመሰክራለሁ። ስለ መተዛዘኑ ግን ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለስኳር የተሰለፈ ሰው ይጠየቅ፤ ጎድኔ ላይ የነበረው ክርን የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ዘፈኑም ቢሆን፣ ገበያው አጠገብ የነበረው የካሴት ሱቅ አንዱን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ሲያዞረው ክሩ እየተለጠጠ ዘፋኟ በሁለት ወር ውስጥ ወንድ ሆና አረፈችው። እኛም በዚያው ጨፈርን። የዛሬዋን ባሕር ዳር የሚያውቅ ሰው የያኔዋን ለማየት ግማሹን ማጥፋት አለበት። መንገዱ ሰፊ ነበር፣ የሚሞላው ሰው ግን አልነበረም። ዘንባባዎቹ ገና ጎረምሶች ነበሩ። ከተማው የሚንቀሳቀሰው በብስክሌት ነው፤ የሌለው ሰው በስሙኒ ለአንድ ሰዓት ይከራያል፣ ከኋላው ልጅ ጭኖ ከሐይቁ ዳር እስከ አባይ ድልድይ ይደርስና ሰዓቱ አልፎ ከአከራዩ ጋር ይጣላል። ሐይቁ ዳር ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ከአዋዜ ጋር ብር ከስሙኒ ነበር። ፋሽን ከአዲስ አበባ በእግሩ የሚመጣ ይመስል ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ እዚያ ሲሞት እኛ ዘንድ ገና ይወለድ ነበር።

ያ ዘመን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነበት ዘመን ነው ይባላል። ካኪውን ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ሰው እንደዚያን ጊዜ ልዩነት ሲለቅም አይቼ አላውቅም። ካኪው አንድ ከሆነ በቁልፉ ይለያሉ፤ ቁልፉ አንድ ከሆነ በአንገትጌው አተኳኮስ ይለያሉ። የዛሬ ሰው መቶ ዓይነት ልብስ ተደርድሮለት ሁሉም ያንኑ ይገዛል። እኩልነት በታወጀበት አገር ግን ሰው ማዕረግ የሚፈልገው በአጉሊ መነጽር ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከዚህ ጠርዝ ነው።

ያኔ እሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ስሙ ብዙ ጊዜ ስለተቀያየረ የትኛው እንደሚቀየመኝ አላውቅም። ሥራችን የውሃ ቧንቧ መስመር መንደፍ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ አለ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የዘውድነሽ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ትልቁ የኃላፊያችን የጓድ ታደሰ። ጓድ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበረም። ስልክ ሲደወል ከወንበሩ ተነሥቶ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ የሚያነጋግር ሰው ነበር። ከወዲያ ያለው ሰው እንደማያየው ብንነግረው የሚያምነን አይመስለኝም።

ዘውድነሽ ከድሬዳዋ የመጣች ጊዜያዊ ሠራተኛ ናት። ዘውድ በተገረሰሰበት ዘመን ይህን ስም ይዞ መንግሥት ቤት መግባት ራሱ ድፍረት ነው። ጓድ ታደሰ ስሙን ለማለዘብ ሲል «ጓድ ዘውዴ» ይላታል፤ ዘውዱ ግን እዚያው ነው። ፀጉሯ አፍሮ፣ ጥፍሮቿ ሁልጊዜ በቀለም የጠቆሩ፣ አፏ ስለታም። ጫፉ መርፌ በሚያህል የንድፍ ብዕር ቧንቧ ስትስል መስመሯ አይንቀጠቀጥም፤ ይህንንም ራሷ ደጋግማ ትነግርሃለች። ጥበበኛ ሰው ትሑት ነው የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ዘውድነሽን አላገኛትም።

የቅጥር ውሏ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። ቋሚ የሚያደርጋት ደብዳቤ ተጽፎ ጓድ ታደሰ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የቀረው ፊርማው ነው። ካልተፈረመ ድሬዳዋ አጎቷ ቤት ትመለሳለች፤ እዚያ ደግሞ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ይጠብቃታል።

«ቀለበቱን ገዝተውታል» አለችኝ አንድ ቀን፣ ከንድፉ ላይ ቀና ሳትል። «ጣቴን ሳይለኩ።»

«ታዲያ ቢጠብሽስ?»

«አቦ እሱን ነው የምጸልየው።»

ሐረጉን ያገኘችው ዘጌ ነው። አንድ እሁድ የመሥሪያ ቤት ልጆች ተሰባስበን በጀልባ ተሻገርን። ሌላው ሎሚና ቡና ሲገዛ እሷ አንድ አባት ደጀ ሰላሙ ላይ የገለጡትን የብራና መጽሐፍ አጎንብሳ ታያለች። ከገጹ አናት ላይ ሁለት ገመዶች፣ አንዱ ቢጫ አንዱ ቀይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እያለፈ፣ ከዚያ በሥሩ እየሾለከ ይሄዳሉ። የሲጋራ ፓኬት ቀድዳ ጀርባው ላይ እዚያው ገለበጠችው።

«ምን ልታደርጊበት ነው፣ ልጄ?» አሏት አባ።

«ልጫወትበት ነው፣ አባ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ተጫወችበት» አሉ። «የሣለውም ሲጫወት ነው የሣለው። ጽሑፉ ላይ መጫወት አይችልማ።»

ከዚያ በኋላ ክፍላችን ሌላ ክፍል ሆነ። ቧንቧው አልቆ የሥራ መውጫ እስኪደርስ ባለችው ጊዜ፣ በተቀዳደደ ወረቀት ጠርዝ ሁሉ ላይ ያቺን አንዲት ቋጠሮ ታረባት ጀመር። ሕጉ ቀላል ነው። መስመሩ አይቆረጥም፤ አንድ ጊዜ በላይ ካለፈ ቀጥሎ በሥር ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ወደተነሣበት ይመለሳል። በዚህ ሕግ ውስጥ ግን ያልሞከረችው የለም። አንዱን መስመር ታወፍራለች፣ ሌላውን እንደ ፀጉር ታሳሳለች። ቋጠሮውን ታራርቅና መሐሉ ዓይን ይሆናል። መሬቱን ሁሉ ታጠቁርና መስመሩን ባዶ ትተወዋለች፤ ያኔ ያልተሳለው ነገር የተሳለውን ሆኖ ይታያል። በአንድ መስመር ብቻ ራሱን እንዲያስር ታደርጋለች፤ ሁለቱ ሲሰለቿት ከመጀመሪያው በሦስት ትጎነጉናለች። ስም ታወጣላቸዋለች። «ታንኳ» እንደ ደንገል እስር ጫፉ የተቀለበሰው ነው። «ብስክሌት» ሁለት ሁለት ክብ እየሆነ የሚሄደው። እየዞረ እየዞረ የትም ሳይደርስ ወደነበረበት የሚመለሰውን ደግሞ «ስብሰባ» አለችው፤ ጓድ ታደሰ «ይህ ምን ይባላል?» ሲል «ጽጌረዳ» አልነው።

አንድ ነገር ላይ ተከራከርን። ተስሎ ያለቀ፣ የተዘጋ የሁለት መስመር ሐረግ ውስጥ ሦስተኛ መስመር አይገባም አልሁ እኔ። ሕጉ ይፈርሳል፤ የሆነ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ በላይ ማለፉ አይቀርም። ይገባል አለች። አንድ ሳህን ዓሣ ተወራረድን። ውርርዱ ግን እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ምክንያቱም አዲስ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው በሦስት ብትስለው ምንም አያረጋግጥም። ያለቀ ሥራ መበላሸት አለበት፤ ያለቀ ሥራዋን ደግሞ ለአንድ ሳህን ዓሣ ብላ አታበላሽም።

እንዲህ ሳለን የሰርተፍኬቱ ጉዳይ መጣ። የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ፈተና አልፈዋል፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለው የታተመ ሰርተፍኬት ግን አልመጣም። ጓድ ታደሰ ቆመ፣ ቁልፉን ቆለፈ፣ በስልክ «እኛ እንሠራዋለን ጓድ» አለ። ጽሑፉ በስቴንስል ተባዛ። ከታች በደቃቅ ፊደል «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰርተፍኬት ዋጋ የለውም» ይላል። ጠርዙ በእጅ እንዲሳል ለዘውድነሽ ተሰጣት፣ «ቆንጆ ይሁን» ከሚል ትእዛዝ ጋር። ከመቶ በላይ ወረቀት ነው። አንድ ዓይነት አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ዓይነት አላደረገችም። አንዱ ባለ አንድ መስመር፣ ሌላው ባለ ሁለት፣ ሌላው ባለ ሦስት፣ «ታንኳ» እዚህ፣ «ብስክሌት» እዚያ። ለማን የትኛው እንደሚደርስ ያሰበም አልነበረም፤ ከክምሩ እየተነሣ ስም ተጻፈበት።

አሁን ባሻ ወርቁን ማስተዋወቅ አለብኝ። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ናቸው። ባሻ የምንላቸው ለአክብሮት ነው እንጂ ከጦሩ ጡረታ የወጡት በአሥር አለቃነት ነው፣ ክንዳቸው ላይ ሁለት መስመር ይዘው። ሦስተኛዋ፣ የሃምሳ አለቅነቷ፣ «ነገ ትመጣለች» እየተባለች ስትጠበቅ ሳትመጣ ቀረች። ይህን ታሪክ በሩ ላይ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ነግረዋል። በስተርጅና ቀበሌው ውስጥ ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የምትቀመጠው ደግሞ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ናት፣ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም የምትነግድ። ሁለቱ በግቢያቸው መሐል ባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ የተነሣ ለዓመታት ሲነታረኩ የኖሩ ናቸው። ፈተናውን ሁለቱም አለፉ።

እሁድ ቀን በቀበሌው አዳራሽ ጭብጨባው ሳያልቅ ባሻ የራሳቸውን ሰርተፍኬት ትተው የዘይነባን ያዩ ነበር። ጽሑፉን አይደለም፤ ማዕዘኑን።

«ሦስት!» አሉ።

«ምኑ?» አለች ዘይነባ።

«መስመሩ ነዋ። የአንቺ ሦስት፣ የኔ ሁለት። አንቺን ሃምሳ አለቃ አድርገውሽ እኔን አሥር አለቃ?»

«ወላሂ እኔ አልጠየቅሁም። አላህ ከሰጠ ምን ላድርግ?» ወረቀቷን ከፍ አድርጋ ያዘችው። «እርስዎም ይበርቱ እንጂ ባሻ፣ ለከርሞ ሦስት ያደርጉታል።»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የየራሱን ማዕዘን መቁጠር ጀመረ። ገና ማንበብ የቻለ ሕዝብ የመጀመሪያ ንባቡን በጠርዙ አደረገው። ሳምንቱ ሳይጋመስ ከተማው ሕጉን አውጥቶ ጨርሶ ነበር። ባለ ሦስት መስመር ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ቀድሞ ይወስዳል። ባለ ሁለት ትምህርቱን ይደግማል። ባለ አንድ ስሙ ለሰፈራ ይመዘገባል። አንድ ባለ አንድ መስመር ሰው በራችን ላይ መጥቶ ዶሮ ጨምሮ የሚለውጠው ሰው ካለ ጠየቀ። አንድ ባልና ሚስት ደግሞ ሚስቲቱ ባለ ሦስት፣ ባልየው ባለ ሁለት ሆነው ተጣሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን «ማዕረግ ነው» ያለ ባለሥልጣን አልነበረም። አያስፈልግምም ነበር። በዚያ ዘመን የሚያስፈራው የተነገረው ሳይሆን ያልተነገረው ስለሆነ፣ ሰው ያልተነገረውን ራሱ ጽፎ ራሱ ይፈራው ነበር።

ስልኩ ተደወለ። ጓድ ታደሰ ተነሣ።

«አቤት ጓድ። ... ማዕረግ? የለም ጓድ፣ ማዕረግ አልሰጠንም። ... ጌጥ ነው ጓድ። ... ሐረግ። ... አዎ፣ ከዕፅዋት ወገን ነው ጓድ።»

ሲቀመጥ ፊቱ ላይ ላብ ነበር። «ጓድ ዘውዴ፣ ሁሉም እንደገና ይሠራል። አንድ ዓይነት። መስመሩ፣ ውፍረቱ፣ ማዕዘኑ። አሮጌው ተሰብስቦ ይቃጠላል።»

«አቦ ጓድ ኃላፊ፣ እሱ እኮ...»

«ሕዝቡ አንድ ነው፤ ጠርዙም አንድ ይሆናል።» ከዚያ መሳቢያውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ደብዳቤሽ እዚህ ነው። ሰኔ ሠላሳ ሩቅ አይደለም።»

በሁለት ወንበር መሐል መስታወት ዘረጋን፣ ከሥሩ አምፖል አበራን፤ አንዱን ጠርዝ ከሥር አድርጋ በላዩ ላይ ትገለብጥ ጀመር። ባለ ሁለት መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ ክፍተቱ እኩል። «ሰልፍ» ብላ ሰየመችው። ጠዋት ተቀምጣ ማታ ትነሣለች፤ ቀልዷ ጠፋ። «ቧንቧ እንኳ ይታጠፋል» አለችኝ አንድ ከሰዓት። ክምሩ ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች አንድ ነበር፤ ጓድ ታደሰ እንደ ካርታ ጨዋታ እየፈለጠ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለባት። ፊርማው በዚያች ፈገግታ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የመለወጫው ቀን ግቢያችን ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር፣ ጠረጴዛ ወጣ። በአንድ ወገን አዲሱ ክምር፣ በሌላው አሮጌው የሚቃጠልበት በርሜል። ሰው ግቢውን ሞላው። ሁሉም ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዟል፤ የሚዘረጋ እጅ ግን የለም። ጓድ ታደሰ ዙሪያውን ቃኘና «ባሻ፣ እርስዎ ይጀምሩ፤ የቤት ሰው ነዎት» አለ።

ባሻ ከበሩ መጡ። የራሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና አዲሱን አነሡ። ማዕዘኑን በጣታቸው ነኩ።

«ይሄኛው ስንት ነው?»

«ማዕረግ የለውም ባሻ። ሁሉም እኩል ነው።»

«ከማን ጋር እኩል?»

«ከሁሉም ጋር ነዋ።»

«ከዘይነባም ጋር?»

«ከሁሉም አልሁዎት እኮ!»

ባሻ ወደ ዘይነባ ዞረው አዩ። ከዚያ አዲሱን መለሱ። «እንግዲያው የኔን ስጡኝ። ሁለትም ብትሆን ማዕረግ ናት።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ለዘውድነሽ፣ ለእሷ ብቻ እንደሚናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከጦሩ ሁለት ይዤ ወጣሁ» አሉ። «ፊደል ቆጥሬ ደግሞ ሁለት ተሰጠኝ። እኩል አድርጉኝ ብዬ አልተማርሁም። አንዲት ልጨምር ብዬ ነው።»

ዘውድነሽ ወረቀቱን ጎተተችና አየችው። ምን እንደምታይ አውቃለሁ። ያለቀ፣ የተዘጋ፣ የሁለት መስመር ሐረግ ነው፤ ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት። ከመሣሪያ ሣጥኗ ውስጥ ምላጭ አወጣች። የተሳሳተ ቀለም የምንፍቀው በእሱ ነው። ሦስተኛው መስመር በላይ እንዲያልፍ ከተፈለገ፣ የነበረው መስመር እዚያ ቦታ ላይ ተፍቆ መጥፋት አለበት። ስርዝ ድልዝ ማለት ይኸው ነው፤ ኃላፊው ደግሞ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሟል።

«ደብዳቤሽ!» አልሁ በጆሮዋ።

«አቦ ዝም በል። ዓሣ ታበላኛለህ።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «ባሻ፣ ይቀመጡ» አለች።

የምላጩ ጫፍ በጣም ትንሽ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቦታ ይፍቃል፤ ትነፋበታለች፤ በጥፍሯ ታለሰልሰዋለች፤ ብዕሩ ይገባል። በላይ፣ በሥር። በላይ፣ በሥር። አራቱን ማዕዘን አንድ በአንድ። ጓድ ታደሰ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ ፈታ፤ ደግሞ ቆለፈ። እዚህ ላይ ጀግንነት የሚል ቃል የሚጠብቅ አንባቢ ካለ እኔ ዘንድ የለም። ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር ስትገለብጥ የሰነበተች እጅ እንዳሳከካት ነው የማምነው። ግን ቀለበቱም፣ አጎቷም፣ ሰኔ ሠላሳም በዚያች ምላጭ ጫፍ ላይ እንደነበሩ እሷ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች፤ መስመሯ አልተንቀጠቀጠም።

ባሻ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተነሡ፣ ተረከዛቸውን ገጠሙ፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ለእሷ ይሁን ለወረቀቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወዲያው ዘይነባ ሰው እየገፋች መጣች። «ለእኔስ?»

«እርስዎ ሦስት አለዎት።»

«እሳቸውም ሦስት ሆኑ እኮ! ያ ረቢ! ታዲያ የእኔ ከእሳቸው በምን ተለየ?»

ዘውድነሽ ብዕሯን እያጸዳች፣ «የእርስዎ በትውልድ ነው» አለቻት። «የእሳቸው በሹመት።»

ዘይነባ ወረቀቷን አየች። ባሻን አየች። «በትውልድ» አለች ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደ በርበሬ በምላሷ እየቀመሰች። «እንግዲያስ ይሁን።» ይህን ያለችው ትውልድና ሹመት በአዋጅ በተሻረበት አገር፣ የመንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ጓድ ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላዋ ባለ ሁለቶቹና ባለ አንዶቹ ተሰልፈዋል፤ ያ ባለ ዶሮ ሰውዬም አለ። ለመለወጥ አይደለም፤ ለመሾም።

ኃላፊያችን ሁለታችንን ወደ ውስጥ ጠራን። በሩን ዘጋ። «ማኅተም ያረፈበት ሰነድ ፋቅሽ!» አለ። «በዓይኔ! በዚህ ጠረጴዛ ላይ! እኔ ይህን ሳይ እንዴት ነው ከዚህ መሳቢያ...»

ስልኩ ጮኸ። ተነሣ፤ ቁልፉን ቆለፈ።

«አቤት ጓድ። ... አዎ፣ ተጀምሯል ጓድ። ... እኩል እየሆኑ ነው። ... የለም፣ ወደ ታች አይደለም ጓድ፤ ወደ ላይ ነው። ... ሁሉም ሦስት ይሆናሉ። ... ደስተኞች ናቸው ጓድ፣ ተሰልፈዋል።»

ስልኩን ዘጋ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሆነ አንቀጽ ለራሱ እያነበበ ይመስላል። በመጨረሻ፣ «ስርዝ ድልዝ የሚባለው ጽሑፍ ላይ ነው» አለ። «ጠርዝ ሰነድ አይደለም። ጌጥ ነው።» ከዚያ በመስኮቱ ሰልፉን አየና፣ «ስንት ሰው ቀርቷል?» አላት።

ደብዳቤው የተፈረመው በሰኔ የመጨረሻው ሳምንት ነው። ሲሰጣት አንድ ቃል አስገባት፤ «ቧንቧ ላይ ሐረግ እንዳላይ።» ቃሏን ጠበቀች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የነደፈችው ቧንቧ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ቀለበቱን ለሌላ ጣት አደረገው ሲባል ሰማሁ፤ ይለክ አይለክ አላውቅም። አንድ ዓይነት የሆኑትን ሰርተፍኬቶች ግን የወሰደ ሰው ስላልነበረ ቁምሳጥን ውስጥ ተከመሩ። ወረቀት ጠፍቶ ስለነበር ጀርባቸውን ለረቂቅ እንጠቀምበት ጀመር፤ በእኩልነት ጀርባ ላይ ስንት ቧንቧ ነደፍን። ዓሣውንም አበላኋት። ሐይቁ ዳር፣ ታንኳ እየቀዘፉ ወደ ወደቡ የሚገቡትን እያየች፣ አዋዜውን እየጠረገች፣ «አልተሸነፍክም» አለችኝ። «የባሻ የታችኛው ቀኝ ማዕዘን ላይ ሁለት ጊዜ በላይ አሳልፌዋለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረውም።»

«ታዲያ ለምን ትበያለሽ?»

«ስለራበኝ።»

ፍሬም ሱቁ ውስጥ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ቀኝ ማዕዘን ፈለግሁ። አለ። በላይ፣ ደግሞ በላይ። ወጣቷን ፈቃድ ጠይቄ በስልኬ ፎቶ አነሣሁትና ድሬዳዋ ላክሁት፤ ዘውድነሽ ጡረታ ከወጣች ወዲህ እዚያው ናት፣ አጎቷ ቤት ሳይሆን የራሷ ቤት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ሰላምታ የለው፣ የት ነህ የለው። «ታችኛው ቀኝ። እስካሁን ያናድደኛል።»

«ጋሼ፣ ያውቁታል እንዴ?» አለች ወጣቷ።

«የሣለችውን አውቃለሁ። አያትሽንም አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች። «የጎረቤቶቻችን ልጆች፣ የእማማ ዘይነባ የልጅ ልጆች፣ በተጣላን ቁጥር "የእናንተ በሹመት ነው፣ የእኛ በትውልድ" ይሉናል። ምን ማለት እንደሆነ እኛም አናውቅ፣ እነሱም አያውቁ። ግን ያናድዳል።»

ቦዩስ ምን ሆነ ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ መልሱ ግን ተነግሮኛል። «እንዲህ በያቸው» አልኋት። «የእነሱ ሦስት መስመር በባዶ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ጠዋት ተሳለ። የእናንተን ሦስተኛ መስመር ግን አንዲት ሴት እንጀራዋን አስይዛ ነው ያስገባችው።»

ከንፈሯን በእርካታ ገጠመች፤ ዛሬ ማታ በዚያ ሰፈር ጠብ እንደሚኖር አወቅሁ። ፍሬም ሠሪው ሁለታችንንም ሲያዳምጥ ቆይቶ መቁረጫውን አኖረና ከጓዳ ሰፊ መስታወት ይዞ መጣ። ወረቀቱን ከሥሩ ሲያስተካክል ሳያስበው የጣቱ ጫፍ ማዕዘኑ ላይ ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ የልጄን የምረቃ ፎቶ ተቀበለኝ፤ አገላበጠው፤ ባለ ቀለም፣ አንጸባራቂ፣ ዙሪያው ነጭ።

«የእርስዎ ደግሞ» አለኝ በሐዘኔታ፣ «ምንም የለውም።»